ናና አስማኡ፦ ተማሪዎቿን አስተማሪ ያደረገች እናት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

በየሰፈራችን ስንት መልካም ሥራ ተጀምሮ ቀርቷል? አንድ ጠንካራ ኡስታዝ መድረሳ ይከፍታል፤ ግቢው በልጆች ይሞላል። ኡስታዙ ሀገር ሲቀይር ወይም ወደ አኺራ ሲሄድ በሩ ይዘጋል። አንዲት ቀልጣፋ እህት የሴቶች ሐልቃ ትጀምራለች፤ ስትወልድ ወይም ስትታመም ሐልቃው ይበተናል። የወጣቶች ጀመዓ በረመዷን ይደምቃል፤ ሸዋል ሲገባ ግን የሚመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል። ይህ ሁሉ የኒያ ጉድለት ወይም የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሥራው የቆመው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለሆነ ነው። ትከሻው ዘወር ሲል ሥራው ይወድቃል።

ዛሬ ታሪኳን የምናነሳላችሁ እናት ይህን ችግር ገና ከመጀመሪያው ያየች ናት። ካረፈች ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የመሠረተችው የሴቶች ማስተማሪያ መረብ ግን ዛሬም ስሙ አለ። እሷም የሶኮቶዋ ናና አስማኡ ቢንት ዑስማን ናት፤ አላህ ይዘንላት። (በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*የተወለደችበት ቤት*

ናና አስማኡ በ1793 ደገል በምትባል መንደር ተወለደች። ደገል ያኔ የጎቢር ንጉሥ ግዛት ነበረች፤ አካባቢው ዛሬ ሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ ውስጥ ይገኛል። የተወለደችው መንታ ሆና ነው። መንታ ወንድሟ ሐሰን ተባለ። በሀገሩ ልማድ እሷ ሑሰይና ልትባል ይገባ ነበር። አባቷ ግን አስማእ አሏት። በሂጅራ ጊዜ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና ለአባቷ ለአቡበክር ስንቅ ያቀረበችው የአስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) ስም መሆኑ ነው።

አባቷ ሸኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ናቸው። ሸኹ ከመንደር መንደር እየዞሩ ሰውን የሚያስተምሩ ዓሊም ነበሩ። ቤታቸው ደግሞ ወንዱ ብቻ የሚቀራበት ቤት አልነበረም። የሸኹ እናት ሐዋእ እና አያታቸው ሩቀያ የተማሩ ሴቶች ነበሩ፤ ሸኹም በልጅነታቸው ከእነሱ ቀርተዋል። ዒልም በዚያ ቤት ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ቅርስ ነበር ማለት ነው።

ሸኽ ዑስማን በሚያስተምሩበት መድረክ ሴቶችም ይቀመጡ ነበር። ይህን የነቀፉ ሰዎች ነበሩ። ከሸኹ ወገን የተሰጠው መልስ ግን ግልጽ ነበር፤ ሴቶችን በመሃይምነት መተው የሚያመጣው ጥፋት፣ ለትምህርት በመውጣታቸው ይመጣል ከተባለው ሁሉ የከፋ ነው የሚል። ሸኹ በጽሑፎቻቸው በዘመናቸው የነበሩ ዓሊሞችን አጥብቀው ወቅሰዋል። ተማሪ ከሩቅ እየተቀበሉ ያስተምራሉ፤ ሚስቶቻቸውና ሴት ልጆቻቸው ግን ዉዱእና ሶላታቸውን እንኳ ሳያውቁ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ከቤት ያልጀመረ ትምህርት ምን ትምህርት ነው? የሸኹ ጥያቄ ይህ ነበር።

አስማኡ እናቷን ማይሙናን ያጣችው ገና ሕፃን ሳለች ነው። ያሳደጓት የአባቷ ሌሎች ሚስቶች ናቸው። ቁርኣንን ሐፈዘች፤ ዐረብኛ፣ ፊቅህ፣ ሐዲስና ሲራ ተማረች። ከዐረብኛ ሌላ የቤተሰቧን ፉልፉልዴ፣ የሀገሬውን ሐውሳ እና የበረሃ ሰዎችን ታማሼክ ታውቅ ነበር። ቋንቋ ማወቋ በኋላ ለምን እንደጠቀማት እንመለስበታለን።

*ስደትና ጦርነት*

አስማኡ አሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ሳለች የሰላሙ ሕይወት አከተመ። የጎቢር ነገሥታት የሸኹ ተከታዮች መብዛት አሳስቧቸው ነበርና ግፊቱ ከዓመት ዓመት በረታ። በየካቲት 1804 ሸኹ ከነቤተሰባቸውና ከነተማሪዎቻቸው ደገልን ለቀው ጉዱ ወደምትባል ሩቅ ቦታ ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት የጦርነት፣ የረሃብና ከቦታ ቦታ የመንከራተት ጊዜ ናቸው።

በ1804 መጨረሻ ላይ በጹንጹዋ በደረሰባቸው ሽንፈት ከሞቱት መካከል ቁርኣንን የሐፈዙ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ መጽሐፍ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን አንድ ሓፊዝ መሞት ማለት አንድ መድረሳ መቃጠል ማለት ነው። ልጅቷ አስማኡ ይህን በዓይኗ እያየች አደገች። ዒልም በጥቂት ሰዎች ደረት ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር የለም።

ጦርነቱ በመካከሉ እያለ፣ በ1807 ገደማ፣ ጊዳዶ ዳን ላይማን አገባች። ጊዳዶ የታላቅ ወንድሟ የሙሐመድ ቤሎ የቅርብ ጓደኛ ነበር። በ1808 የጎቢር ዋና ከተማ አልካላዋ ወደቀች። ቤሎ በ1809 ሶኮቶን ቆረቆረ። በ1817 ሸኽ ዑስማን ሲያርፉ ቤሎ መሪነቱን ተረከበ፤ ጊዳዶም ዋዚር ማለትም ዋና አማካሪው ሆነ። መንታ ወንድሟ ሐሰንም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። አስማኡ በሃያ አራት ዓመቷ አባቷንም መንታዋንም በአንድ ዓመት ቀበረች።

*ከድል በኋላ የመጣው ፈተና*

ብዙዎቻችን ታሪክ ስናነብ ድሉ ላይ እናቆማለን። የአስማኡ ሥራ የጀመረው ግን ከድሉ በኋላ ነው።

የሶኮቶ መንግሥት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አፍሪካ ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ መንግሥታት አንዱ ሆነ። ግዛቱ ዛሬ ናይጄሪያ፣ ኒጀርና ካሜሩን የምንላቸውን ሀገሮች ክፍሎች ይጨምር ነበር። ከላይ መሪዎቹ ዓሊሞች ናቸው። ከታች ግን በየመንደሩ በስም ሙስሊም የሆኑ፣ ዲናቸውን የሚያስተምራቸው ያላገኙ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። የዘመኑ ጦርነት ደግሞ መራራ ጎን ነበረው። ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን ያጡ፣ ከመንደራቸው የተፈናቀሉ፣ ተማርከው በባርነት በሰው ቤት የገቡ ሴቶች በየከተማው ነበሩ። ታሪክ ይህን አይደብቅም፤ እኛም አንደብቅም።

እነዚህ ሴቶች ልጅ ሲታመምባቸው ወዴት ይሂዱ? መውለድ ሲያቅታቸው፣ ሐዘን ሲበረታባቸው ማንን ያማክሩ? የለመዱት ቦሪን ነበር። ቦሪ እኛ ሀገር ዛር ከምንለው ጋር የሚቀራረብ፣ መናፍስትን በማስወረድ የሚደረግ ልማድ ነው። በጎቢር ይህን የምትመራ ኢና የምትባል ትልቅ ማዕረግ ያላት ሴት ነበረች። ኢና ማለት እናት እንደማለት ነው። ሴቶቹ ወደ ኢና የሚሄዱት ስለ እምነት ተከራክረው አይደለም፤ ሲከፋቸው የሚሰማቸው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

አስማኡ ያየችው ይህን ነው። ቦሪ ሐራም ነው ብሎ ማወጅ ቀላል ነው። ግን ሴትዮዋ ከዚያ በር ስትመለስ የምታንኳኳው ሌላ በር ከሌላት ነገ ተመልሳ ትሄዳለች። ስለዚህ ሌላ በር መከፈት ነበረበት። አንዲት የዋዚር ሚስት ብቻዋን ሶኮቶ ተቀምጣ ያን ሁሉ መንደር እንዴት ትደርሳለች? ራሷ የቤት እመቤት ናት፤ ወንዶች ልጆች እያሳደገች ነው፤ የባሏ ቤት እንግዳ የማይለየው የባለሥልጣን ቤት ነው።

*ያን ታሩ*

መልሱ ያን ታሩ ሆነ። በሐውሳ ቋንቋ የተሰባሰቡ ወገኖች እንደማለት ነው። አሠራሩን ቀስ ብለን እንየው፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

በየአካባቢው በሰው ዘንድ የተከበረች፣ አስተዋይ የሆነች አንዲት ሴት ትመረጣለች። ጃጂ ትባላለች። ጃጂ በሐውሳ የነጋዴ ቅፍለት መሪ መጠሪያ ነው፤ መንገዱን የምታውቅ፣ ሰዎቿን በሰላም አድርሳ የምትመልስ ማለት ነው። ጃጂዋ ከመንደሯ ሴቶችን ሰብስባ ወደ ሶኮቶ ወደ አስማኡ ቤት ትመጣለች። የሚጓዙት የመውለጃ ዕድሜያቸው ያለፈ እናቶችና ገና ያላገቡ ትናንሽ ልጃገረዶች ነበሩ። ሕፃን የያዙ ወጣት እናቶች ቤታቸው ይቀራሉ። ይቀራሉ ስንል ግን ከትምህርቱ ይቀራሉ ማለት አይደለም። ጃጂዋ ስትመለስ በየቤታቸው ሄዳ የተማረችውን ታስተምራቸዋለች። መምጣት ለማትችለው ትምህርቱ ደጇ ድረስ ይሄድላታል።

ጃጂ ስትሾም አስማኡ ማልፋ ትሰጣታለች። ማልፋ ከሣር የተሠራ ትልቅ ባርኔጣ ነው። በላዩ ላይ አስማኡ ቀይ ጨርቅ ታስርለታለች። በጎቢር ይህ ባርኔጣ የኢና የሹመት ምልክት ነበር። አስማኡ ምልክቱን አልጣለችውም፤ ትርጉሙን ቀየረችው። ትናንት የቦሪ መሪ የምትታወቅበት ባርኔጣ ዛሬ የዒልም መምህርት የምትታወቅበት ሆነ። ያን ባርኔጣ የደፋች ሴት ስትመጣ ያየ ሁሉ ማን እንደላካትና ለምን እንደመጣች ያውቃል። በመንገድ ያሉ ሴቶችም ማንም የሚደፍራቸው ተራ መንገደኞች ሳይሆኑ የናና ተማሪዎች ነበሩ።

ሴቶቹ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። እህል፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጥጥና ጨርቅ፣ ያላቸውን ይዘው ይመጣሉ። አስማኡ የመጣውን ለየቲሞች፣ ለሚስኪኖችና ለተቸገሩ ታከፋፍላለች። ትምህርቱና ሰደቃው በአንድ መንገድ ይመላለሱ ነበር። ከሩቅ የመጣችው ሴት ሰጥታ የምትሄድ እንጂ ተለማኝ ሆና የምትቆም አልነበረችም። የቤተሰብ ጉዳይ የከበዳት ደግሞ ጉዳዩን ለናና አቅርባ ምክር ይዛ ትመለሳለች።

*በቃል የሚያዝ ትምህርት*

ጃጂዋ በመንገድ ላይ ቀናት ትጓዛለች። ማንበብ ላትችል ትችላለች። የተማረችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንዴት ታደርሳለች? አስማኡ ለዚህ የተጠቀመችው ግጥምን ነው።

ከ60 በላይ ሥራዎቿ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ቆይተዋል፤ አብዛኞቹ ግጥሞች ናቸው። ለዓሊሞች በዐረብኛ፣ ለወገኖቿ በፉልፉልዴ፣ ለብዙኃኑ በሐውሳ ትጽፍ ነበር። ከሞሪታኒያ በኩል ሶኮቶን የጎበኘን አንድ የሺንቂጥ ዓሊም በዐረብኛ ግጥም ተቀብላዋለች። የምትጽፍበትን ቋንቋ የምትመርጠው የሚሰማትን ሰው አይታ ነው እንጂ ዕውቀቷን ለማሳየት አይደለም። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው በሐውሳ ለገጠር ሴት መግጠምን ዝቅ ማለት ያደርገው ይሆናል፤ እሷ ግን የሥራዋ ልብ እሱ ነበር።

አንዱ ግጥሟ የቁርኣንን ሱራዎች ስም በሙሉ የያዘ ነው። ይህን በቃሏ የያዘች ሴት የቁርኣን ማውጫ ደረቷ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ጃጂዋ ደግሞ በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆማ ልታብራራ ትችላለች። ሌሎቹ ስለ ሶላት፣ ስለ ጦሃራ፣ ስለ ዘካ፣ ስለ አኺራ፣ ስለ መልካም ሥነ ምግባር ናቸው። ሲራን የሚተርኩ፣ የአባቷን የትግል ታሪክ የሚነግሩ አሉ። በቁርኣን ሱራዎች ስለ መታከም በ1839 ጽፋለች። ይህ ሥራ ወደ ቦሪ ትሄድ ለነበረችው የታመመ ልጅ እናት የተከፈተው አዲስ በር መሆኑን ልብ በሉ።

ስለ ሷሊሕ ሴቶች የገጠመችውም አለ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስቶችና ልጆች ጀምራ የበስራዋን ራቢዐን እና ሌሎችን ታነሳለች። ከዚያ የገዛ ማኅበረሰቧን ደጋግ ሴቶች ስም ታስከትላለች። የሶኮቶ ገጠር ሴት ይህን ስትሰማ ዲን ከሩቅ የመጣ የሌሎች ሰዎች ታሪክ አይሆንባትም። ሰንሰለቱ እሷ ደጃፍ ድረስ እንደሚደርስ ይገባታል።

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወሎ መሻኢኾች መንዙማን በአማርኛ ገጥመው፣ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው፣ ያልተማረው ገበሬ ሁሉ ዲኑን በዜማ እንዲይዝ አድርገዋል። የሶኮቶና የወሎ ዓሊሞች ተገናኝተው አልተመካከሩም፤ ሕዝባቸውን ስለወደዱ ግን አንድ መንገድ ላይ ተገናኙ።

*ስማቸው የማይጠራ ሴቶች*

ከአስማኡ ሥራዎች ልብ የሚነኩት ለሞቱ ሰዎች የጻፈቻቸው የሐዘን ግጥሞች ናቸው። ለአባቷ፣ በ1837 ላረፈው ለወንድሟ ለቤሎ፣ ለዓሊሞችና ለመሪዎች ጽፋለች። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ግን ለተራ ሴቶችም መጻፏ ነው።

ሐሊማ የምትባል ጎረቤቷ ስትሞት ገጠመችላት። ሐሊማ ሹም አልነበረችም፤ ደግ ጎረቤት ነበረች፤ የተጣላን የምታስታርቅ፣ የዘመድን ክፉ ጠባይ የምትችል። ለዘሀራቱም ገጠመች። ዘሀራቱ ሴቶች ሲወልዱ የምትደርስ፣ ሲሞቱም ጀናዛቸውን የምታጥብ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈራችን አለች። ሌሊት ትጠራለች፤ ትመጣለች። ስትሞት ግን ስሟን የሚጽፍ የለም። ከመጀመሪያዎቹ ጃጂዎች አንዷ የነበረችው ሐዋኡ ስትሞትም አስማኡ አልዘነጋቻትም። ያኔ ራሷ አስማኡ ከስድሳ ዓመት አልፋለች፤ የጓደኛዋንና የሠራተኛዋን ውለታ ግን በግጥም ለትውልድ አስቀመጠች።

ይህን ማድረጓ ለማልቀስ ብቻ አልነበረም። ግጥሞቹ በጃጂዎቹ አፍ ወደ መንደር ይሄዳሉ። እዚያ ያለች አዋላጅ የዘሀራቱን ግጥም ስትሰማ ሥራዋ ዒባዳ መሆኑን ታውቃለች። ጎረቤት የምታስታርቀዋም እንዲሁ። ሰው ሥራው ሲታይለት ይጸናል። አጅሩ ከአላህ ቢሆንም፣ ሰው መልካም ሥራን ማመስገኑ ደግሞ ሌላውን ያነሳሳል።

*ከእሷ በኋላ*

ናና አስማኡ በ1864 በሰባ አንድ ዓመቷ ሶኮቶ ውስጥ አረፈች። ባሏ ጊዳዶ ቀድሟት አርፎ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ዒሳ፣ አባቱን ሳያይ የተወለደውና ከእሷ ጋር ብዙ የሠራው፣ የሐዘን ግጥም ጻፈላት። የተቀበረችውም በአባቷ መቃብር አቅራቢያ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። እሷ ስትሞት ያን ታሩ ምን ሆነ? አልፈረሰም። እህቷ መርየም መሪነቱን ያዘች። ጃጂዎቹ ማልፋቸውን ደፍተው መምጣታቸውን ቀጠሉ። ግጥሞቹ በየመንደሩ በቃል ይባሉ ነበር፤ አንድ ቅጂ ቢጠፋ መቶ ሴቶች ደረት ውስጥ አለ። በ1903 እንግሊዞች ሶኮቶን ሲይዙ መንግሥቱ ነፃነቱን አጣ፤ ሱልጣን አጣሂሩም በዚያው ዓመት ቡርሚ ላይ ተገደለ። የሴቶቹ ትምህርት ግን ከቤት ወደ ቤት ስለሚሄድ የሚዘጋ በር፣ የሚወረስ ሕንፃ አልነበረውም። መንግሥት ሲወድቅ የናና ተማሪዎች ቆመው ቀሩ። ሱብሐነላህ!

የእጅ ጽሑፎቿ በዋዚሮቹ ቤተሰብ እጅ በአማና ተጠበቁ። ለዚህ ብዙ የደከሙት የሶኮቶው ዋዚር ጁነይዱ ናቸው። በ1997 ሥራዎቿ ተሰብስበው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ታተሙ። ዛሬ በናይጄሪያ በስሟ የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሙስሊም እህቶችም የያን ታሩን ስምና አካሄድ ይዘው ሴቶችን ያስተምራሉ። ደገል ከተባለች ትንሽ መንደር የተነሳ ሥራ ባሕር ተሻግሯል።

*እኛ ምን እንያዝ?*

ውድ እህት ወንድሞች፣ ታሪክ የምናነበው ለማድነቅ ብቻ ከሆነ ምን ተጠቀምን? ከዚህች እናት ሥራ ለመስጂዳችን፣ ለመድረሳችን፣ ለሴቶች ሐልቃችንና ለወጣቶች ጀመዓችን የሚሆኑ ነጥቦች እናንሳ።

አንደኛ፣ ተማሪን አስተማሪ ማድረግ። አስማኡ ያን ሁሉ ሴት በራሷ አላስተማረችም፤ የሚያስተምሩትን አስተማረች። አንድ ኡስታዝ ሃምሳ ልጅ ይዞ ከሚደክም፣ ከሃምሳው አምስቱን ለይቶ ታናናሾቹን እንዲያስቀሩ ቢያበቃቸው፣ በታመመ ቀን መድረሳው አይዘጋም። በሌለንበት ቀን የሚሠራ ሰው ከሌለ ገና ሥራውን አልጨረስነውም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መምጣት የማይችለውን ማሰብ። ሐልቃ ስናዘጋጅ ያረገዘችዋን፣ የምታጠባዋን፣ አረጋዊ የምታስታምመዋን፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋን እናስባለን? ያልመጣች ሁሉ ያልፈለገች አይደለችም። አንዲት እህት የተማረችውን ይዛ ደጇ ብትሄድላት የናና ሱቅ ተከፈተ፤ ሸቀጡ ዒልም ነው።

ሦስተኛ፣ ከመከልከል ጋር ሌላ በር መክፈት። ወጣቶቻችንን ከጫትና ከሱስ፣ ከመጥፎ ጓደኛ እንከለክላለን። ጥሩ ነው። ግን ከዚያ ሲወጡ የሚገቡበት የት ነው? የሚጫወቱበት፣ የሚማከሩበት፣ ሥራ የሚለምዱበት፣ ሳይወቀሱ የልባቸውን የሚነግሩበት ቦታ አለን? ከሌለን ባዶ እጃችንን ነው የምንጠራቸው።

አራተኛ፣ ግልጽ ኃላፊነት መስጠት። ማልፋው ባርኔጣ ብቻ አልነበረም። አንቺ ኃላፊ ነሽ፣ ሰውም ይህን ይወቅ ማለት ነበር። ስንቱ ወጣት በጀመዓ ውስጥ ዓመታት ሲላላክ ኖሮ ምን እንደሆነ ራሱም ሳያውቅ ይሰለቻል? ሥራውን በስሙ ስጡት። ገንዘብ ያዥዋም፣ መዝጋቢውም፣ የየቲሞች ጉዳይ ተጠሪዋም ይታወቁ። የታወቀ ኃላፊነት ይጠየቃል፤ የሚጠየቅ ሥራ ይጸዳል።

አምስተኛ፣ ከተቸገረው ጋር አብሮ መሥራት። የያን ታሩ ሴቶች ተቀባይም ሰጪም ነበሩ። እኛ ሰደቃ ስናከፋፍል የሚቀበለውን ቤተሰብ በሰልፍ አቁመን ፎቶ እናነሳለን። እስቲ እንጠይቃቸው፤ ምን ታውቃላችሁ? ምን ትችላላችሁ? ምግብ መሥራት የምትችል እናት፣ ልጅ ማስቀራት የሚችል አባት እዚያው ሰልፍ ላይ አሉ።

ስድስተኛ፣ መጻፍና ማስረከብ። ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ስልክና ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ ከእሱ ጋር ይቀበራል። የምናስተምረው ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ፣ የትኛው ቤተሰብ ምን እንደሚያስፈልገው ይጻፍ። ተተኪው ገና እኛ በጤና ሳለን ከጎናችን ይቀመጥ። መርየም ከእህቷ ሥራውን የተረከበችው እንግዳ ሆና አልነበረም።

በመጨረሻም፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። በየአካባቢያችን ያለችውን ዘሀራቱ እናስብ። ጀናዛ የምታጥበዋን፣ ለወላዷ ገንፎ የምታገነፋዋን፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን የምታስታርቀዋን እናት ሄደን እንዘይራት፤ እናመስግናት። ከዚያም የምታውቀውን እንድታስተምረን አንዲት ወጣት እህት ከጎኗ እናስቀምጥ። ዒልሟ ከእሷ ጋር እንዳይቀበር።

አላህ (ሱ.ወ) ለናና አስማኡ፣ ለወላጆቿና ለተማሪዎቿ ሁሉ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ኑር ያድርግላቸው። ጀመዓዎቻችንን በኢኽላስ የሚሠሩ፣ በአማና የሚረካከቡ ያድርግልን። ልጆቻችንን ከእኛ የተሻሉ ያድርግልን። እናቶቻችንን፣ እህቶቻችንንና ሴት ልጆቻችንን ከዒልም ብርሃን አያርቅብን። ከእኛ በኋላ የሚቀጥል ኸይር ሥራ ይወፍቀን። አሚን!

መልካም ጁምዓ። ሱረቱል ከህፍን መቅራት፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። ጽሑፉ ይጠቅማቸዋል ለምትሏቸው አሰናጂዎች፣ ኡስታዞችና የጀመዓ አገልጋዮች አድርሱልን።